የደበዘዘው ቴሌቪዥን

ለእትዬ፣

እንደምን ከርመሽልኛል? ጉልበትሽስ ተሻለሽ? ልጆቹስ? ትንሿ አሁንም ሁሉን ካላወቅሁ ትላለች? እኛ ደህና ነን፣ ይሄ ደህና ከተባለ። በስልክ እንዳልነግርሽ ባለቤቴ ከአጠገቤ ፈቅ አይልም፤ ለዚህ ነው የጻፍኩልሽ።

ያንን ግዙፉን ቴሌቪዥናችንን ታስታውሺው የለ? አንቺ «ቁምሳጥኑ» የምትይውን። ባለቤቴ ኤችዲ ነው፣ ጥርት አድርጎ ያሳያል ብሎ መንደሩን ሁሉ ጠርቶ ያሳየው፣ ጎረምሶች በሩን ነቅለው ያስገቡት። ዛሬ የሰው ሁሉ ቴሌቪዥን እንደ ፎቶ ግድግዳ ላይ ሲሰቀል የእኛው የሳሎኑን ግማሽ ይዞ ተጎልቷል። ይሁን፣ ለምጄዋለሁ።

ከክረምት ወዲህ ግን «ይሄ ነገር ደበዘዘ» ማለት አመጣ። ከውስጡ ምስሉን የሚያበራ አምፖል አለው፤ ሲያረጅ ይደክማል አሉ። አስለወጠ። አሁንም ደበዘዘብኝ አለ። ጠጋኙን መልሶ ጠራና ጮኸበት። ጠጋኙ ከፍቶ አየ፣ ዘጋ፣ «ጋሼ፣ ከዚህ በላይ እንዴት ይብራልዎት?» አለው። «ሌባ!» ብሎ አባረረው። ከዚያ ሶፋውን አስጠጋ፣ ደግሞ አስጠጋ፤ አሁን ጉልበቱ ስክሪኑን ሊነካ ምንም አልቀረው። ኳስ ሲያይ እንኳ ጎል መግባቱን የሚያውቀው ሕዝቡ ሲጮህ ነው።

አንድ ቀን ዞር ብሎ «አንቺስ? እውነቱን ንገሪኝ፣ እንዴት ነው የሚታይሽ?» አለኝ። ድምፁ የልጅ ድምፅ ሆነብኝ። እትዬ፣ እኔማ ከወጥ ቤት በር ላይ ቆሜ የተጫዋቹ ካልሲ ላይ ያለው መስመር ሳይቀር ይታየኛል! ግን አንጀቴ አልችል አለ። «ደብዝዟል» አልኩት። እፎይ ሲል ብታይው! ዓይን ሐኪም ዘንድ እንዲሄድ በስንት ልመና እሺ አሰኝቼው ነበር፤ «አንቺም እንደኔ ካየሽ እዚያ ምን እሠራለሁ?» ብሎ ቀረ። ምነው ምላሴን በቆረጠው!

ከዚያ ወዲህ ስንቴ ልናገር አፌን ከፍቼ መልሼ ዘጋሁት። ምን ብዬ ልጀምር? መሪ ከመያዝ ሌላ የሚያውቀው ሥራ የለም። ትምህርት ቤት የሚያመላልሳቸው ተማሪዎች «አባባ ሰርቪስ» ሲሉት ደስታውን አይችለውም፤ ያንቺዎቹም ከኋላው ተቀምጠው ሲንጫጩበት የዋለ ዕለት ሳቁን ይዞት ነው የሚገባው። ይሄን ከእጁ ብቀማው ምን ይተርፈዋል?

ጠዋት ጠዋት የመኪናውን ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ በመዳፉ እየዳበሰ ሲፈልገው አያለሁ። ቁልፉ እፊቱ ነው። ከዚያ አስነስቶ ይወጣል። ተመልሶ የሞተሩን ድምፅ እስክሰማ ድረስ እጄ ሥራ አይዝም፤ ሳህን ይዤ ውኃው ይፈሳል። አለቃው ዘንድ ልሄድ ለብሼ ወጥቼ ከመንገድ ተመለስኩ። ብናገር ገደልኩት። ዝም ብል ደግሞ... ተይው፣ እትዬ። ጨነቀኝ፣ ምን ላርግ?

አንድ ነገር ብቻ እለምንሻለሁ። ለምን ብለሽ አትጠይቂኝ፤ እሱም ከጠየቀሽ የሆነ ነገር ፈጥረሽ ንገሪው፣ እንዳይከፋው። ከሰኞ ጀምሮ ልጆቹን በእግራቸው ላኪያቸው።

እግዜር ልጆችሽን ለወግ ለማዕረግ ያብቃልሽ። ሌሎቹንም፣ እናቶቻቸው እህቶቼ ያልሆኑትን፣ እሱው ይጠብቃቸው።

ታናሽሽ