ከድልድዩ ወደ ግራ

እሑድ፣ ጥቅምት 3

የእረፍት ቀኔ። አክስቴ በር ላይ ቆማ እንደ ልማዷ መከረችኝ። «አፍሽን ከፍተሽ ሕንፃ ስትቆጥሪ እንዳትውዪ! እንግዳ መሆንሽን ካወቁ ይጫወቱብሻል። እንደምታውቂ ሆነሽ ሂጂ።»

እንደማውቅ ሆኜ ሄድኩ። ሰዓት ጠጋኞቹ የተደረደሩበትን ጠባብ መንገድ አየሁ። ቀጥሎ አሮጌ መጻሕፍት ሻጮቹን... አንዱ መጽሐፍ ፊቱ ላይ ደፍቶ ተኝቷል። ከዚያ ጠፋሁ። መጠየቅ አፍሬ ያንኑ አደባባይ ሦስት ጊዜ ዞርኩ። በሦስተኛው ጋዜጣ ሻጩ እንደሚያውቀኝ ሰላም አለኝ! እግሬ አልቋል፤ ግን ደስ ብሎኛል። ከመጣሁ ሁለት ወር። እየለመድኩ ይሆን?

ረቡዕ፣ ጥቅምት 6

ዛሬ የከተማ ሰው መሰልኩ!

አለቃዬ ልብስ ሰፊው ዚፕና ክር ግዢ ብሎ ላከኝ። (ሥራዬ ቁልፍ መትከልና ጠርዝ መቀምቀም ነበር። መላክም ተጨምሮበታል።) መንገድ ላይ ሁለት አዛውንት አስቆሙኝ። ሽማግሌው ጥቁር መነጽር አድርገዋል፤ ባለቤታቸው ክንዳቸውን ይዘው ይመሯቸዋል።

«ልጄ፣ የዓይን ሐኪም ቤቱ በየት በኩል ነው? አራት ሰዓት ላይ ቀጠሮ አለን። አንቺ መቼም የዚሁ ልጅ ነሽ» አሉኝ ሴትዮዋ።

የዚሁ ልጅ! እኔ! ሐኪም ቤቱን ግን አላውቀውም። አላውቅም ማለት ምን ነበረበት? አፌ ቀደመኝ። «ቀጥ ብላችሁ ሂዱ፣ ከድልድዩ ወደ ግራ ስትታጠፉ ታገኙታላችሁ።» በእጄ ሁሉ አሳየኋቸው። «ተባረኪ» አሉኝ።

ትልልቁ ሕንፃ ሁሉ በዚያ በኩል ነው መሰለኝ። አያጡትም።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 7

ከሱቃችን ጀርባ ነው። ከጀርባ! ሁለት ወር ሙሉ በመስኮት የማየው ግራጫ ሕንፃ። አንድ ደንበኛ ሱሪ ሲለካ «ከዓይን ሐኪም ቤቱ መውጣቴ ነው፣ እዚሁ ጀርባችሁ ካለው» ሲል ሰማሁ። መርፌው ጣቴን ወጋኝ። ይበለኝ።

እኔ ስጠቁማቸው እኮ ጀርባቸውን ለሐኪም ቤቱ ሰጥተው ነው የሄዱት...

እሑድ፣ ጥቅምት 10

ያሳየኋቸውን መንገድ ራሴ ሄድኩበት። ቀጥ ብዬ፣ ከድልድዩ ወደ ግራ። ሩቅ ነው። ዳገት ነው። ጥላ የለውም፤ መቀመጫም የለውም። መጨረሻው የጣውላ መጋዘን።

ጣውላ ሻጩን ጠየቅሁት። «ረቡዕ ለታ ሁለት አዛውንት መጥተው ነበር?»

«አዎ። ሐኪም ቤት ሲሉን ሳቅን! በኋላ ግን አሳዘኑን። እዚያ ግንድ ላይ አስቀምጠን ውኃ ሰጠናቸው። ስድስት ሰዓት አልፎ ነበር።»

«ማን እንደላካቸው... አሉ?»

«አንዲት ጨዋ ልጅ አሳይታን ነበር፣ እኛ ነን በደንብ ያልሰማናት አሉ።»

እንዴት ብዬ ቤት እንደደረስኩ አላውቅም። እኛ ነን ያልሰማናት... ቢረግሙኝ ይሻለኝ ነበር።

ሰኞ፣ ጥቅምት 11

ሥራ ከመግባቴ በፊት ሐኪም ቤቱ ሄድኩ። የካርድ ክፍሏ ሠራተኛ «ቀጠሮ ያለፈበት ሰው ሰኞ ሰኞ ጠዋት ነው የሚስተናገደው። ስማቸው ማን ነው?» አለችኝ።

ስም... «ጥቁር መነጽር ያደረጉ ሽማግሌ ናቸው» አልኳት። በአገጯ ወደ አዳራሹ አመለከተችኝ። ግማሹ ሰው ጥቁር መነጽር አድርጓል።

እነሱ የሉም።

እሑድ፣ ጥቅምት 17

የትም አልወጣሁም። አክስቴ «ከተማው ሰለቸሽ እንዴ?» አለችኝ። የሰለቸኝስ እኔው ራሴ ነኝ።

ሰኞ፣ ጥቅምት 18

የሉም። ዳግመኛ ባይመጡስ?

ሰኞ፣ ጥቅምት 25

አገኘኋቸው። ከሐኪሙ ክፍል ሲወጡ። ሮጬ ፊታቸው ቆምኩ። ሴትዮዋ ለዩኝ። «ያቺ ልጅ! ያሳየሽንን መንገድ ሳተን እኮ! ሦስት ሳምንት ሊሞላን ነው፣ የሚያመጣን አጥተን ዛሬ መጣን።»

«አልሳታችሁም። ያልኳችሁን ነው የሄዳችሁት። አላውቀውም ነበር... የማውቅ መስዬ ዋሸኋችሁ።»

ሰው ሁሉ የሚያየኝ መሰለኝ። «ሐኪሙ ምን አለ?» አልኩ እንደምንም።

«ቀኙ በቀዶ ጥገና ይድናል። ግራው አልቆለታል አለን» አሉ ሽማግሌው።

ሴትዮዋ ቶሎ ብለው ገቡበት። «ግራው ድሮም የለም! ካንቺ ጋር ምንም አያገናኘውም።»

ሽማግሌው «ኧረ መቼ ነው ድሮ...» ሊሉ ሲሉ ባለቤታቸው እጃቸውን ጨበጥ አደረጓቸው።

አየሁ። ያችን ጨበጥ አየኋት።

ሽማግሌው ፊታቸውን ወደ ድምፄ መለሱ። «በይ እሺ። የአውቶቡሱ ማቆሚያስ በየት ነው?»

«አላውቅም፣ አባባ።»

ሳቁ! ከዚያ ሦስታችን ወጣን። እኔ ክንዳቸውን ይዤ በረኛውን ጠየቅሁ፣ ቀጥሎ ጫማ ጠጋኙን፣ ቀጥሎ አንዲት ተማሪ። እስኪሳፈሩ አብሬ ቆምኩ። ሴትዮዋ በመስኮት ብቅ ብለው «ተባረኪ» አሉኝ። ያንኑ ቃል።

ሥራ አርፍጄ ገባሁ። አለቃዬ «የት ነበርሽ?» ሲለኝ ሁሉንም ነገርኩት። ወደ ቁልፎቼ ተመለስኩ። ከመስኮቱ ፊት ለፊት ነው የምቀመጠው... ግራጫውን ሕንፃ ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ።