ኤውላሊያን ማን ይመርጣታል?

ውድ ያሚላ፣

ሞንቴቪዴዮ መግባትሽን የሰማሁት ከእህትሽ ነው። ሥራ አግኝታለች፣ ባሕሩ አጠገብ ክፍል ተከራይታለች አለችኝ። ደስ አለኝ። ቀጥሎ ተናደድኩ። ለምን እንደተናደድኩ ግን ጠፋኝ። አሁንም ስጽፍልሽ እንደጠፋኝ ነው፤ ነገሩ ከተዘበራረቀብሽ እኔም ውስጥ እንደዚያው ነው።

ከሄድሽ በኋላ የሆነውን ልንገርሽ ብዬ ነው የተቀመጥኩት። ግን ከዚያ ቀን ካልጀመርኩ አይሆንልኝም። ከዳቦ ቤቱ በላይ ባለችው ቢሯችን ማቴ ሻያችንን እየጠጣን ነበር፤ ጽዋው አንቺ እጅ ላይ ነበር። ሸሪካችን ፋብሪሲዮ ስልኩን እያወዛወዘ ገባ።

“ጥሩ ዜና! አሳታሚዎቹ የኮምፒውተር ጨዋታችንን ወደውታል። አንዲት ትንሽ ነገር ብቻ ጠይቀዋል።”

ትንሿ ነገር ኤውላሊያ ነበረች። አንቺ የጻፍሻት ቀዛፊ፤ ተጫዋቹን በፓራና ወንዝ ላይ ከደሴት ደሴት የምታሻግረው። አንድ ምሽት እሳት ዳር ዓሣ እየጠበሰች፣ አባቷ በሌላ ስም፣ ወንድ ልጅ ብሎ እንዳሳደጋት ትናገራለች። አታለቅስም፣ አታብራራም። “ዓሣውን ገልብጠው እንጂ፣ እያረረ ነው!” ብላ ታልፋለች። መጀመሪያ ያነበብሽልን ዕለት ፋብሪሲዮ ራሱ ስቆ ስቆ ዓይኑን ሲጠርግ አይቼዋለሁ።

ሰዎቹ የጠየቁት በጨዋታው መግቢያ ላይ ምርጫ እንዲኖር ነው። ደስ ያለው ኤውላሊያን እንዳለች ይወስዳታል፤ ደስ ያላለው ታሪኳን ያስቀርና እንዲሁ ሴት ያደርጋታል፤ ካሻውም ወንድ።

“ተጫዋቹ ይምረጥ ነው የሚሉት” አለ ፋብሪሲዮ። “የኛ ጨዋታ እኮ ሁሉ ነገሩ ምርጫ ነው! የጀልባውን ቀለም ይመርጣል፣ ኮፍያውን ይመርጣል...”

“እኔ ኮፍያ ነኝ እንዴ?” አልሽው።

“አንቺን ማን ነካሽ? ስለ ኤውላሊያ ነው የማወራው!”

“እኔም ስለሷ ነው።” ከዚያ ወደኔ ዞርሽ። “አንተስ አንሴ? ምን ትላለህ?”

“አላውቅም” አልኩሽ። “ተጫዋችን ከከለከልሽው ጥሎሽ ይሄዳል። ግን ደግሞ...”

“ግን ደግሞ ምን?”

“እሱን ነው ያላወቅኩት።”

ሳቅሽ። የንዴት ሳቅ አልነበረም፤ የንዴት ቢሆን ይሻለኝ ነበር። ጽዋውን አስቀምጠሽ በደረጃው ወረድሽ። የሥራ መልቀቂያሽ በተከታዩ ሳምንት መጣ።

እኔን ያስቸገረኝ ይሄ ነው። ዩኒቨርሲቲ ሳለን አውቶቡስ ስንጠብቅ፣ ሴት እንደሆንሽ፣ ከዚያን ቀን ጀምሮ እንደ ሴት መኖር እንደምትፈልጊ ነገርሽኝ። “ታዲያ ማን ልበልሽ?” አልኩሽ። “ያሚላ።” “እሺ ያሚላ፣ ግቢ አውቶቡሱ ሊያመልጠን ነው።” በቃ፣ ይኸው ነበር። ካንቺ ጋር ያን ያህል የቀለለ ነገር እኔ በሳልኳት ሴት ላይ ሲደርስ ለምን ከበደኝ? ኤውላሊያ ሥዕልና ድምፅ ናት፤ ብንቀይራት የሚያማት የለም ብዬ አሰብኩ። የሚያማት የለም እያልኩ ግን ወንበርሽ ባዶ ነበር።

ምርጫውን ሠራሁት። ለወንዱ ቀዛፊ ድምፅ የሰጠው ፋብሪሲዮ ነው፤ ጉንፋን የያዘው ቄስ ይመስል ነበር። እሳት ዳር የምትናገረውን አውጥቼ ስለ ዝናብና ስለ ውሃው ሙላት የሚያወራ ወሬ ተካሁበት።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት የሰፈሩ ክበብ ውስጥ ኮምፒውተሮቹን ደርድረን ሰዎች እንዲሞክሩት ጋበዝን። ከዳቦ ቤቱ ፊት ለፊት የሚኖሩት ዶኛ ኒልዳም መጡ፤ ያንቺን ቀሚስ ያሳጠሩልሽ ጡረተኛ ልብስ ሰፊ። መነጽራቸውን አድርገው ቁጭ አሉና፣ ወንዱን መረጡ።

ፋብሪሲዮ በክርኑ ጎሰመኝ። “አየህ? ሰው ይፈልገዋል።”

እኔ በሆዴ ‘እርስዎም?’ አልኩ። እሳቸው ግን ዝም ብለው ተጫወቱ። እሳቱ ዳር ሲደርሱ ሰውዬው ስለ ዝናብ አወራ፣ ዓሣውን በላ፣ ተኛ። ዶኛ ኒልዳ እጃቸውን ሰብስበው ጠበቁ።

“እዚህ ጋ ሌላ ምንም አይልም?” አሉኝ።

“ምን እንዲል ፈልገው ነበር?”

ግራ ቀኙን አይተው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። “ልጄ ሩቅ ኔውኬን ከተማ ነው ያለችው። ወንድ ልጅ ብዬ ያሳደግኳት። አሁን ሉድሚላ ናት። ስሟን ተሳስቼ አላውቅም፣ በስልክም ቢሆን። ግን አንዳንዴ ያ የድሮ ድምጿ ውል ይለኛል። ይሄን ለሷ እንዴት ብዬ እነግራታለሁ? እዚህ ማሽን ላይ ግን ማንንም አልጎዳም አልኩ።”

“ታዲያ አገኙት?”

“ምን አገኛለሁ! ሰውዬው ስለ ዝናብ ብቻ ነው የሚያወራው።” ወደ ማሽኑ አመለከቱ። “ልጄም ያኔ እንደዚሁ ነበረች። ማታ ራት ላይ አየሩ ቀዘቀዘ፣ አየሩ ሞቀ። ሌላ ምንም አትለኝም ነበር። እኔ ደግሞ ሰላም ነን ብዬ...” አልጨረሱትም። “በል መልሰው የኔ ልጅ። ሴትየዋን አምጣልኝ።”

መለስኩላቸው። ኤውላሊያ ታሪኳን ነገረቻቸው። “እያረረ ነው!” ስትላቸው “ወይ ጉዴ!” ብለው በእውነት አዝራሩን ለመጫን ተጣደፉ፤ ከዚያ መነጽራቸውን አውልቀው ለረጅም ጊዜ ጠረጉት።

ያሚላ፣ ነገሩ ይበልጥ የተምታታብኝ ያኔ ነው። ምርጫው ባይኖር ዶኛ ኒልዳ ያን ነገር ለኔ አይነግሩኝም ነበር። ታዲያ ምርጫው ደግ ነገር ነበር ማለት ነው? ወይስ ያወሩት የሌለ ሰው እንደሰጠናቸው ስለገባቸው ነው? እቤቴ ድረስ በእግሬ ሄድኩ፤ አልተፈታልኝም። አንድ ነገር ብቻ ታየኝ፤ ወንዱን ቀዛፊ ስሠራው የሚናገረው አጥቼ ነበር። በልቡ የደበቀው ነገር ስለሌለው ነው።

ሰኞ ምርጫውን አጠፋሁት።

“አብደሃል!” ብሎ ጮኸ ፋብሪሲዮ። “ሰዎቹን ምን ልበላቸው?”

“ተጫዋቹ ራሱ ማን እንደሚሆን ይምረጥ። ወንድ ይሁን፣ ሴት ይሁን፣ ከሁለቱም አይደለሁም ይበል፤ ስሙን በፈለገ ጊዜ ይቀይር፣ ሁሉም በዚያው ይጠሩታል። ኤውላሊያን ግን ማን እንደሆነች አይመርጥላትም።”

“ቢሰድባትስ?”

“ይስደባት። እሷም መቅዘፍ ታቆማለች።”

ፋብሪሲዮ መስኮቱ ጋ ሄዶ ተመለሰ። መጨረሻ ላይ “ድምፄ ግን ያን ያህል መጥፎ ነበር?” አለኝ። “በጣም” አልኩት። ለሰዎቹ ደብዳቤውን የጻፈው እሱ ራሱ ነው። አሳታሚዎቹ ውሉን አፈረሱ። አሁን እሱ ትምህርት ቤት ያስተምራል፣ እኔ የሰው ኮምፒውተር እጠግናለሁ፣ በተረፈን ሰዓት ጨዋታውን እንሠራለን። በፀደይ በራሳችን እናወጣዋለን።

የቀረኝ አንድ ቦታ አለ። ተጫዋቹ አባቷ ባወጣላት ስም ከጠራት በኋላ ተጸጽቶ ይቅርታ ቢላትስ? አንዴ ይቅር እንድትለው አድርጌ ጻፍኩ፤ ፋብሪሲዮ “ምነው ቶሎ ታረቀች?” አለኝ። አንዴ ከጀልባዋ እንድታወርደው አደረግኩ፤ ያንን ደግሞ አንብቤ ሰረዝኩት። አንቺ ብትሆኚ ምን እንደምትይ ላስብ ሞከርኩ። ሞኝ ነኝ። “ኤውላሊያ እኔ አይደለሁም፣ እሷ መዋኘት ትችላለች” ስትይኝ አልነበር?

ስለዚህ ምንም አልጻፍኩላትም። ያ ቦታ ያንቺ ነው። አንድ ዐረፍተ ነገር ከላክሽልኝ አስገባዋለሁ፤ ካልላክሽም ባዶውን ይወጣል እንጂ እኔ አልሞላውም።

ትላንት ራሴ ሞከርኩት። በዚያ ስም ጠራኋት። መቅዘፊያዋን አነሳች፣ ጀልባው ቆመ፣ ከዚያ ጅረቱ ቁልቁል ይወስደን ጀመር። ይቅርታ አልኳት። ረጅም ጊዜ አየችኝ። ከዚያ መቅዘፊያውን መልሳ ውሃው ውስጥ ከተተች። ይቅር ትበለኝ አትበለኝ አላወቅኩም። ማዶ እስክንደርስ ፊቷን እያየሁ ተቀመጥኩ።

አንሴልሞ
ሮሳርዮ