አንበሶቹ ከሁለት ሰዓት ተኩል በኋላ እንዲመጡ ይታዘዙልን

ለዱር እንስሳት መጠበቂያው የጎብኚዎች አገልግሎት ክቡር ኃላፊ፤

በቅድሚያ የአክብሮት ሰላምታዬን እያቀረብኩ ጤናዎ፣ ቤተሰብዎ፣ በተለይም እንቅልፍዎ እንደተመቸዎት ተስፋ አደርጋለሁ። እንቅልፍዎን ለይቼ ያነሳሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ባለፈው ሐሙስ ማለዳ መሥሪያ ቤትዎ እንዴት ያለ ሰላማዊ እንቅልፍ እንደሚተኛ፣ ከዋናው በር ፊት ለፊት በቆመ መኪና ውስጥ ተቀምጬ ለሦስት ሰዓት ከአርባ ደቂቃ የመሰከርኩ ሰው ስለሆንኩ ነው።

የሃምሳ አራት ዓመት ሰው፣ በሙያዬ የመንገድ መሐንዲስ ነኝ። ጉብኝቱን ያቀድኩት ግን ለራሴ ሳይሆን ለታላቅ እህቴ ነው። እትዬ ሠላሳ አራት ዓመት ባዮሎጂ አስተምራ ጡረታ የወጣች መምህርት ናት፤ እናታችን ከሞተች በኋላም እኔን አሳድጋ ለዩኒቨርሲቲ ያበቃችኝ እሷ ናት። ዝሆን በጥቁር ሰሌዳ ላይ ያልሳለችበት ዓመት የለም፤ በዓይኗ ግን አንድም ቀን አይታ አታውቅም። አሁን ደግሞ ዓይኗ እየሄደ ነው። እይታዋ ከዳርና ከዳር እየጠበበ መጥቶ፣ ሐኪሟ ለማየት የቀራት ጊዜ ሦስት ቢበዛ አራት ወር መሆኑን ሳይሸፋፍን ነግሮናል። ጠንካራ ፀሐይ ዓይኗን ስለሚያስለቅሳት ለማየት የሚመቻት የማለዳ ብርሃን ብቻ ነው። እንግዲህ ከእርስዎ የፈለግነው አንድ ማለዳና አንድ ዝሆን ነበር።

ዕቅዱ ሁለት ወር ፈጅቶብኛል። ዱካ በማንበብ ስለሚታወቅ ሁሉም ሰው "ኮቴ" ከሚለው አስጎብኚ ጋር በስልክ ስንመካከር ቆይተን፣ ዝሆኖቹ ውሃ ጠጥተው መንገዱን የሚያቋርጡት ከአሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል እስከ አንድ ሰዓት ባለው ጊዜ መሆኑን አረጋገጥን። ፀሐይ ከጀርባችን እንድትሆን የምንቆምበትን ቦታ መረጥኩ። እትዬ የምትቀመጥበትን ወንበር፣ ከበሩ እስከ ኩሬው ያለውን ርቀት፣ በተፈቀደው ፍጥነት የሚወስደውን ደቂቃ ሁሉ በሠንጠረዥ አሰፈርኩ። ኮቴ ወረቀቱን ሲያይ "ጋሼ፣ ዝሆኖቹ ይህን ካዩ ደንግጠው ሰዓት ይገዛሉ" ብሎ ሳቀብኝ። በሠንጠረዡ ላይ ያልነበረ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እሱም እርስዎ ነዎት።

ስለዚህ ምስጋናዬን በቅደም ተከተል ላቅርብ።

አንደኛ፣ በበሩ ላይ ስለተለጠፈው ማስታወቂያ አመሰግናለሁ። "በሩ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ይከፈታል" ይላል፤ እውነትም ነው። ዘበኛው ልክ በአሥራ ሁለት ሰዓት ሁለቱንም የብረት መዝጊያዎች ወለል አድርጎ ከፈተ፤ ከዚያም መሐል ላይ ቆሞ መግባት እንደማንችል ነገረን። ፈቃዳችን የዕለቱ ማኅተም የለውም። ማኅተሙ ያለው መሳቢያ ውስጥ ነው። የመሳቢያው ቁልፍ ያለው የፈቃድ ክፍሉ ሠራተኛ ኪስ ውስጥ ነው። ኪሱ ያለው ሱሪው ላይ ነው። ሱሪው በዚያ ሰዓት የት እንደተሰቀለ ዘበኛው አያውቅም፤ የሚያውቀው ባለቤቱ በሁለት ሰዓት ተኩል ሥራ እንደሚገባ ብቻ ነው። ታዲያ በሩን ለምን እንደሚከፍተው ብጠይቀው፣ ቅንነት በሞላበት ድምፅ "መክፈት የኔ ሥራ ነዋ ጋሼ፤ ማስገባት የነሱ ነው" አለኝ። የሥራ ክፍፍላችሁን ከዚህ በተሻለ ያስረዳ ሰነድ በመሥሪያ ቤትዎ ውስጥ መኖሩን እጠራጠራለሁ።

ሁለተኛ፣ አስቀድሜ ባለመጠየቄ እንዳይወቅሱኝ፣ በዋዜማው ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ቢሮዎ መጥቼ ነበር። ፀሐይ ያነጣው የአንበሳ ፖስተር በተለጠፈበት ኮሪደር አርባ ደቂቃ ተቀምጬ፣ ሰው ጎንበስ ካላለ በማይነጋገርባት በዚያች የመስኮት ቀዳዳ በኩል ሠራተኛዎን አነጋገርኩ። ፈቃዱን አሁኑኑ እንዲያትምልኝ ብለምነው "የነገን ቀን ዛሬ ማተም አይቻልም፤ ነገ ገና አልደረሰማ" አለኝ። ማኅተሙ ወደ ነገ አይዞር እንደሆነ ጠየቅኩት። በዚህ ቅር የተሰኘ ይመስል፣ በአውራ ጣቱ ቀኑን ወደ ሐሙስ አዙሮ አሳየኝ፤ እንደሚዞር ካረጋገጠልኝ በኋላም መልሶ ወደ ረቡዕ አዞረው። ሁለቱም አራት ሰከንድ አልፈጁም። "ጠዋት ሲመጡ ይታተምልዎታል" ብሎ ሸኘኝ። በስንት ሰዓት ብዬ አለመጠየቄ የኔ ጥፋት ነው፤ በሙያዬ እንዲህ ያለ ቸልተኝነት ድልድይ ይጥላል።

ሦስተኛው ስለ ዝሆኖቹ ነው። ከአሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ጥቂት እንዳለፈ ኮቴ እጁን አንሥቶ ዝም አሰኘን። መንገዱ ከሚታጠፍበት፣ ከግራሮቹ ጀርባ ቅርንጫፍ ሲሰበር ተሰማ፤ ከዚያም ያ እንደ መለከት ያለ ድምፅ። በግምቴ አራት መቶ ሜትር ቢሆን ነው። እትዬ ከመኪናው ወርዳ የተከፈተውን በር ብረት ይዛ ቆመች፤ እይታዋ ከጠበበ ወዲህ እንደምታደርገውም አንገቷን ወዲያና ወዲህ እያዞረች ፈለገች። አቧራው ብቻ ከዛፎቹ በላይ ተነሣ። ስንት እንደሆኑ ጠየቀች። ኮቴ ጆሮውን አቁሞ ሰማና "ዘጠኝ፤ ሁለቱ ግልገል ናቸው" አላት። ከስምንት ደቂቃ በኋላ ድምፁ ራቀ። ክቡር ኃላፊ፣ በሩ ክፍት እንደነበረ እንዲያስታውሱልኝ በትሕትና እጠይቃለሁ። በሩ ክፍት ነበር።

አራተኛውን ስጽፍ እጄ ይከብደኛል፤ ከእርስዎ ጋር እኔንም ስለሚከስ። ቆመን ሳለን ሦስት መኪናዎች በአጠገባችን አልፈው፣ ከበሩ በታች ባለው የጥርጊያ መንገድ ወደ ውስጥ ታጠፉ። ኮቴ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ "ጋሼ፣ ሰው ሁሉ በታችኛው ነው የሚገባው። በዋናው በር የሚመጣው አገሩን የማያውቅ ብቻ ነው" አለኝ። እኔ ግን ሕግ ሕግ ነው አልኩ። እንዲህ እንድል አድርጋ ያሳደገችኝም ራሷ እትዬ ናት። በዚያ ማለዳ ደንብዎን ያከበርነው እኛ ብቻ ነበርን፤ ምንም ያላየነውም እኛ ብቻ። ከሦስቱ መኪናዎች አንደኛው ሲመለስ፣ አንዲት ደግ ሴት በስልኳ ያነሣችውን አንበሳ ለእትዬ አሳየቻት። እትዬ ስልኩን አፍንጫዋ ድረስ አስጠግታ አየችና "ጥሩ ሥዕል ነው" ብላ መለሰችላት። ሥዕልማ ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ አይታለች።

አምስተኛ፣ ሁለት ሰዓት ተኩል ደርሶ፣ የቢሮው ወለል እስኪወለወል፣ የተወለወለው እስኪደርቅ፣ የደረቀው የማኅተም ቀለም እስኪርስ ድረስ ታግሰን፣ በሦስት ሰዓት ከአርባ ታተመልን። ማኅተሙ እጅግ የሚነበብ ነው።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ እኛም ገባን። ያየነውን ልዘርዝር፦ አንድ ከርከሮ፣ እሱንም ከኋላው። የቀረው ሁሉ ጥላ ፍለጋ ሄዷል፤ ከእርስዎ መሥሪያ ቤት የተሻለ የሥራ ሰዓት ያላቸው እንስሳት ናቸው። እትዬ ከፀሐዩ የተነሣ ዓይኗ እያነባ በመሐረብ ስትጠርግ ነበር። ኮቴ ኩሬው ዳር አቁሞ ጭቃው ላይ የታተመ የዝሆን ዱካ አሳያት። ተንበርክካ በሁለት መዳፏ ዳሰሰችው። የፊት እግር ክብ፣ የኋላው ሞላላ እንደሆነ ለሁለታችን እንደ ተማሪ አስረዳችን፤ ከዚያም የመለኪያ ሜትሬን ተቀብላ የፊቱን ዙሪያ ለካች። አንድ ሜትር ከሠላሳ ሆነ። "እጥፉ ቁመቷ ነው" አለች። "ሁለት ሜትር ከስልሳ። የደረሰች ሴት ናት።" ክቡር ኃላፊ፣ እህቴ በሕይወቷ ያየችው ዝሆን ይህ ነው፤ ልኩ።

ስለዚህ ከሁለት አንዱን እንዲፈጽሙልን እለምናለሁ። አንደኛው መንገድ ለዝሆኖች፣ ለአንበሶችና ለቀጭኔዎች ከሁለት ሰዓት ተኩል በፊት በመንገድ ላይ መታየት እንደማይፈቀድላቸው የሚገልጽ ሰርኩላር ማውጣት ነው፤ በሥልጣንዎ ላይ ካለኝ እምነት የተነሣ እንደሚታዘዙዎት አልጠራጠርም። ሁለተኛው መንገድ ሠራተኛዎ በዋዜማው አውራ ጣቱን አንድ ጊዜ ወደ ፊት እንዲያዞር መፍቀድ ነው። አራት ሰከንድ አልኩ፤ በሰዓቴ ለክቼ ነው።

ሁለቱም የማይቻል ከሆነ ግን፣ የዛሬ አምስት ሳምንት ሐሙስ፣ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ከሩብ ላይ፣ እህቴን ይዤ በታችኛው መንገድ እገባለሁ። መኪናዋ ነጭ ናት፤ የሰሌዳ ቁጥሯን በዚህ ደብዳቤ ጀርባ ላይ ጽፌዋለሁ። ሕግ መጣስ ያልለመደብኝ ሰው ስለሆንኩ አስቀድሜ በጽሑፍ ማሳወቄን እንደ ጨዋነት ይቁጠሩልኝ። ሊያስይዙኝ ከፈለጉም በደስታ እጠብቃለሁ፤ ብቻ የሚይዘኝ ሰው በዚያ ሰዓት ከአልጋው መነሣት ይኖርበታል።

ማኅተምዎ ዘወትር እርጥብ፣ መሳቢያዎ ዘወትር የተቆለፈ፣ እንቅልፍዎም ምንም ዓይነት የዝሆን ድምፅ የማይደርስበት እንዲሆን ከልብ እየተመኘሁ፣ ለሰጡኝ ሦስት ሰዓት ከአርባ ደቂቃ ምንጊዜም ባለዕዳዎ ሆኜ እኖራለሁ።

አክባሪዎ፣
በዋናው በር የመጣው ሰው

ተጨማሪ ማስታወሻ፦ ስንወጣ "ያዩዋቸው እንስሳት" የሚል ቅጽ ሰጥታችሁን ነበር። እትዬ ራሷ ካልሞላሁት አለች፤ ከዚህ ጋር አያይዤዋለሁ። "አንድ ማኅተም። መኖሪያው መሳቢያ። ከሁለት ሰዓት ተኩል በፊት አይንቀሳቀስም። ለመጥፋት የሚያሰጋው ነገር የለም" ይላል። ፊደሎቹ የገዘፉት ስለተቆጣች ሳይሆን ትንንሾቹን ማየት ስለተሳናት ነው። መልስ የሚጽፉልን ከሆነም በዚሁ መጠን ቢሆን ደስ ይላታል፤ ደብዳቤ በራሷ ዓይን ማንበብ ትወዳለች። መልሱ እንደ ልማዳችሁ የሚዘገይ ከሆነ ግን ስለ ፊደሉ መጠን አይጨነቁ። ያኔ የማነብላት እኔ ነኝ።