የኦፓኒን ጃሲ ቤምፓ ጆሮና የኤኖ ዱፊዬ ደጃፍ

ኦፓኒን ጃሲ ቤምፓ ከአባታቸው ከኦፓኒን አንሳ ቤምፓና ከእናታቸው ከኤኖ አጄይዋ፣ ከማምፖንግ ወዲያ ባለች የኮኮዋ ገበሬዎች መንደር እ.ኤ.አ. በ1943 ተወለዱ። በአገራችን ወግ የተከበረ ሽማግሌ «ኦፓኒን»፣ የተከበረች እናት «ኤኖ» ይባላሉ። ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ በመንደሩ የፕሬስቢቴሪያን ትምህርት ቤት ገብተው እስከ መካከለኛ ደረጃ ተምረዋል። በመዘምራኑም ውስጥ ነበሩ፤ እውነቱ ይነገር ከተባለ ግን ድምፃቸው ለማንም የሚመከር አልነበረም። መምህሩ ያላባረሯቸው፣ ከዚያ ሁሉ ልጅ መሃል ዜማ የሳተውን ዓይናቸውን ጨፍነው በስሙ ስለሚጠሩ ነበር። ይህ ጆሮ ኋላ እንጀራቸው ሆነ።

በ1960 አጎታቸው እንደ ወጉ አንድ ጠርሙስ መጠጥ ይዘው ወደ ኩማሲ ወሰዷቸውና ለማስተር ዶንኮር አስረከቧቸው። ማስተር ዶንኮር የታወቁ የካርቡራተር መካኒክ ነበሩ። መጠጡን መሬት ላይ ጠብ አድርገው የቀደሙትን አባቶች ካነሱ በኋላ አዲሱን ተማሪያቸውን ያስተማሩት የመጀመሪያ ትምህርት ይህ ነበር፦

«ስማ አንተ ልጅ፣ ሞተር ይተነፍሳል። አፉ አንድ ነው፣ እሱም ካርቡራተሩ ነው። በሌላ ቀዳዳ ከተነፈሰ ታሟል ማለት ነው። በል አሁን መጥረጊያውን አንሳ።»

ኦፓኒን ቤምፓ መጥረጊያውን አነሱ፤ ነገሩ ግን ከጭንቅላታቸው አልወጣም። ብረት ይተነፍሳል መባሉ እስከ ሽምግልናቸው ድረስ ያስደንቃቸው ነበር። ሞተር አየሩንና ቤንዚኑን በልክ የሚቀበለው በካርቡራተሩ በኩል ነው። ከካርቡራተሩ በታች፣ ብረት ከብረት በሚጋጠምበት ቦታ፣ ፀጉር የምታህል ክፍተት ከተገኘች ሞተሩ ያልተለካ አየር ይስብባታል። መኪናው ሲሮጥ ይህ አይታወቅም። ጠዋት በብርድ ሲነሳም አይታወቅም፤ ያን ጊዜ ሾፌሩ ቤንዚን እንዲበዛለት የአየሩን በር ይዘጋለታልና። ሞተሩ ከሞቀ በኋላ ቆሞ በዝግታ ሲሠራ ግን ያስለዋል፣ ያንገዳግደዋል፣ ይጠፋል። መካኒኩም ካርቡራተሩ ተበላሸ ብሎ ይፈታዋል፤ ካርቡራተሩ ግን ምንም አላጠፋም።

የ1966 ዓመት ሳይነሳ የእሳቸው ታሪክ ተነገረ አይባልም።

በዚያን ጊዜ ኦፓኒን ንቲም የሚባሉ ባለመኪና ነበሩ። መኪናቸው የእንጨት ካቢን ያላት፣ ሰውም ዕቃም የምትጭን፣ ግንባሯ ላይ «ሰውን ፍራ» ተብሎ በትልቁ የተጻፈባት ነበረች። ከኩማሲ ተነስታ የማምፖንግን ዳገት ወጥታ ክሮፎፍሮም መንደር ላይ ሰው ለማውረድ ቆም ስትል ትንገዳገድና ትጠፋለች። በማግስቱም እንዲሁ። የምትቆመው ደግሞ በኦፓኒን ንቲም ታላቅ እህት፣ በኤኖ ዱፊዬ ደጃፍ ነበር።

ኤኖ ዱፊዬ ልጅ አልወለዱም። ሙዝ ከሚመስለው ከፕላንቴን ልጣጭ አመድና ከዘንባባ ዘይት ጥቁር ሳሙና እያበሰሉ ይሸጡ ነበር፤ ቀኑንም የሚውሉት ደጃፋቸው ላይ ከድስታቸው አጠገብ ነው። ካርቡራተሩ አንዴ ተቀየረ፣ ሁለቴ ተቀየረ፣ ሦስቴ ተቀየረ፤ መኪናዋ ግን ከኤኖ ፊት መጥፋቷን አልተወችም። በእኛ አገር እንዲህ ያለ የጥንቆላ ክፋት ከሩቅ ሰው አይጠረጠርም። ከአንድ እናት ቤት ነው የሚጠረጠረው። ስለዚህ እህት የወንድሟን ሀብት እያነቀች ነው ተባለ። ሳሙናቸውን የሚገዛ ጠፋ፤ የገዛውም ወስዶ ወንዝ ጣለው። የቤተሰቡ ሽማግሌዎች ተሰብስበው፣ እስከ እሑድ ካልተናዘዙ ጫካው ውስጥ ወዳለው ነቢይ ግቢ ተወስደው እንዲታሰሩ ወሰኑ። ወደዚያ ግቢ ከተወሰዱት አሮጊቶች ወደ ቤቷ የተመለሰች አልነበረችም። ኤኖ ዱፊዬ ይህን ሁሉ ሰምተው ደጃፋቸውን አልለቀቁም።

ዓርብ ዕለት ኦፓኒን ንቲም መኪናዋን ይዘው ወደ ማስተር ዶንኮር መጡ።

«ማስተር፣ አራተኛ ካርቡራተር ልትገጥምልኝ ነው?»

«የለም ንቲም። የኔ እጅ ያውቅ የነበረው አልቋል። ይህን ልጅ ውሰደውና አብሯት ይዋል። ጆሮው ጥሩ ነው፤ አፉን ግን እንዲዘፍን እንዳትፈቅድለት።»

ኦፓኒን ቤምፓ ያን ጊዜ የሃያ ሦስት ዓመት ወጣት ነበሩ። ኦፓኒን ንቲምም አብረው ሄዱ፤ ኦፓኒን ቤምፓ ከመኪናዋ ረዳት አጠገብ ተቀመጡና መንገድ ላይ ያዋሩት ጀመር።

«ክሮፎፍሮም ብቻ ነው የምትጠፋው?»

«አዎ፣ አሮጊቷ ፊት።»

«ኬጄቲያ ገበያው ጋስ?»

«ኧረ ኬጄቲያማ በየቀኑ ትጠፋለች! እዚያ የማን መኪና አይጠፋም?»

«ባቡር ሀዲዱ ጋ ስትቆሙስ?»

«እዚያም ትጠፋለች። ገፍተን እናስነሳታለን። ማን ይቆጥረዋል?»

ኦፓኒን ቤምፓ ዳገቱን እስኪጨርሱ የሰሙትን ቦታ በጣታቸው ይቆጥሩ ነበር። መኪናዋ በየመንገዱ ስትጠፋ ኖራለች፤ የተቆጠረባት ግን አሮጊት በተቀመጠችበት ቦታ የጠፋችው ብቻ ነበር።

ክሮፎፍሮም ደርሰው ቆሙ። መኪናዋ ሳለች፣ ተንገዳገደች፣ ጠፋች። ሰውም እንደ ልማዱ ተሰበሰበ። ኦፓኒን ቤምፓ መኪናዋን አስነሱና እንዳትጠፋ ነዳጅ ረገጥ አድርጎ እንዲይዝላቸው ለረዳቱ ነገሩት። ከኪሳቸው ክንድ የምታህል የጎማ ቱቦ አውጥተው አንዱን ጫፍ ጆሯቸው ላይ ገጠሙ።

«እባካችሁ እናቶች፣ እባካችሁ አባቶች፣ ለአንድ አፍታ ዝም በሉልኝ።»

ያ ሁሉ ሰው ጸጥ አለ። የቱቦውን ሌላ ጫፍ በየመጋጠሚያው ላይ ቀስ እያደረጉ አዞሩት። ከሞተሩ ጎን፣ ከኋላ በኩል፣ እጅ በማይደርስበት ጥግ ላይ ሲደርሱ ቀጭን ፉጨት ሰሙ። ሞተሩ በዚያ በኩል ይተነፍስ ነበር።

መስማት ግን ለሌላው ሰው ማስረጃ አይሆንም። ክፍተቷን ለጊዜው የሚደፍን አንድ የሚለጠፍ ነገር ያስፈልጋቸው ነበር። ዘወር ሲሉ የቅርቡ የኤኖ ዱፊዬ ድስት ነው። ሄደው ጎንበስ አሉ።

«ኤኖ፣ ከሳሙናዎ ትንሽ ይስጡኝ።»

«ልጄ፣ የኔን ሳሙና ነክተህ ስትገባ እናትህ ምን ትለኛለች?»

«እናቴማ ይህን እጄን ስታይ ‹አንተ ቆሻሻ፣ ሳሙና አትገዛም?› ነው የምትለኝ።»

ኤኖ ዱፊዬ በዚያ ወር ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቁ ይባላል። ሳሙናውን ቆርሰው ሰጧቸው። ኦፓኒን ቤምፓ አለስልሰው ከመጋጠሚያው ላይ ለጠፉት፤ የመኪናዋ መንገዳገድ በአንዴ ቆመ። ረዳቱ እግሩን ከነዳጁ ላይ አነሳ፣ ሞተሩ ግን አልጠፋም። ጆሮ እስኪጣፍጠው ድረስ ረጋ ብሎ ይሠራ ጀመር።

ያኔ ከሕዝቡ መሃል አንድ ሰው ጮኸ። «አያችሁ! በሳሙናዋ አሰረችው፣ በሳሙናዋ ፈታችው!»

ሁሉም ተንጫጫ። ሴትዮዋን ለማዳን የመጡት ሰው በገዛ እጃቸው ማስረጃ ጨመሩባቸው። ኦፓኒን ቤምፓ በሕይወታቸው እንደዚያች ደቂቃ ፈርተው አያውቁም። ኤኖም ቀና ብለው አዩአቸው።

ኦፓኒን ቤምፓ ሳሙናውን በጨርቅ ጠርገው አነሱት። ሞተሩ ወዲያው ይንገዳገድ ጀመር።

«ኦፓኒን ንቲም፣ እባክዎ ይምጡ። ያን የራስዎን ፎጣ እርስዎ በያዙት ውሃ ያርጥቡት። ሌላ ሰው እንዳይነካው። በሉ እዚች ጋ ይጫኑት፣ ብረቱ ትኩስ ነው፣ ይጠንቀቁ።»

ኦፓኒን ንቲም እያመነቱ ፎጣቸውን አርጥበው ጫኑ። ሞተሩ ረጋ። አነሱት፤ ተንገዳገደ። ደግመው ጫኑ፤ ረጋ። ሦስተኛ ጊዜ ሲጭኑ ፊታቸው ተለወጠ።

«ይስበኛል... ጣቴን እየሳበኝ ነው። እናንተ ሰዎች፣ መኪናዋ እየተነፈሰች ነው!»

ሰው ሁሉ እየተጋፋ ጣቱን ሊያስነካ መጣ። የነካ ሁሉ እጁን እያየ ወደ ኋላ ይመለስ ነበር፤ ብረት ሲስበው ማን አይደነግጥ።

«ከኋላ ያለችው ቡሎን ላልታለች» አሉ ኦፓኒን ቤምፓ። «ካርቡራተር ስንቀያይር እሷን ማንም አልነካትም፣ እጅ አይደርስባትማ። ኦፓኒን፣ ኬጄቲያ ላይ ስትጠፋስ ማንን ከሰሱ?»

ኦፓኒን ንቲም ውሃ የሚያንጠባጥበውን ፎጣ እንደያዙ ሄደው ከእህታቸው እግር ሥር መሬት ላይ ተቀመጡ። ኦፓኒን ቤምፓ ቡሎኗን በቁልፍ አጠበቁና ሞተሩን ሊያጠፉ እጃቸውን ሲዘረጉ ኤኖ ዱፊዬ ተናገሩ።

«ተው ልጄ፣ አታጥፋው። ደጄ ላይ ሲሠራ ልስማው።»

ሞተሩ በኤኖ ደጃፍ ሳይጠፋ ቆየ። እሑድም ኤኖ ወደ የትም አልሄዱም። ኦፓኒን ንቲም ወር ሳይሞላ የመኪናዋን ግንባር አስፍቀው «እህት አለኝ» ብለው አስጻፉበት።

ያን ቀን መኪናዋ ላይ ተሳፍረው ከነበሩት አንዷ የኦፓኒን ንቲም ልጅ አፍሪዬ ነበሩ። ኦፓኒን ቤምፓ የመኪናዋን ጤንነት ለመጠየቅ እያሉ ክሮፎፍሮም ይመላለሱ ጀመር፤ ጤነኛ መኪና ያን ያህል እንደማይጠየቅ ሁሉም ያውቅ ነበር። በ1968 በቤተ ክርስቲያንና በወጉ ተጋብተው አምስት ልጆች ወልደዋል። ሦስተኛዋ ልጅ ስትወለድ ስም የማውጣት መብቱ የአባት ነበርና ዱፊዬ አሏት። ጠንቋይ ተብላ በነበረች ሴት ስም ልጅ ይጠራል ወይ ብለው ያጉረመረሙ ነበሩ። ኦፓኒን ቤምፓ ሕፃኗን ኤኖ ጭን ላይ አስቀምጠው መልስ ሰጡ።

በ1971 ሱዋሜ ማጋዚን በሚባለው የኩማሲ የጋራዦች ሰፈር የራሳቸውን ጋራዥ ከፈቱ። የኤኖን ጥቁር ሳሙናም በቅርጫት እያስመጡ ለመካኒኩ ሁሉ አስለመዱት፤ የሞተር ጥላሸት ከእጅ የሚያወጣ እንደሱ አልተገኘም። ኤኖ ዱፊዬ በ1979 በቤታቸው፣ በአልጋቸው ላይ፣ ሳሙናቸው እየተፈለገ ዐረፉ። በጋራዡ ማንም ሰው ቱቦውን ጆሮው ላይ ሳይገጥም የካርቡራተር ቡሎን መንካት አይፈቀድለትም ነበር። ባለመኪና ሲመጣም ኦፓኒን ቤምፓ የሚጠይቁት አንድ ጥያቄ ነበር፦ «የጠፋችበትን ቦታ ሁሉ ንገረኝ። ያስታወስከውን ብቻ አይደለም።» ቤንዚን በጠፋበት በ1983 መኪኖች ጠብታ እንዳያባክኑ ብዙ ሰው በራቸው ላይ ተሰለፈ። ካርቡራተር የሌላቸው በኮምፒዩተር የሚሠሩ መኪኖች ሲመጡም አልከፋቸውም። «አፏን ቀየረች እንጂ መተንፈስ አልተወችም» ብለው በስልሳ ዓመታቸው እንደገና ተማሩ።

በ2017 ትንፋሽ ያጥራቸው ጀመር። የልባቸው መዝጊያ እንደሚያፈስ በምርመራ ታወቀ። ሐኪሙ የልብ ማዳመጫ ቱቦውን ደረታቸው ላይ ሲያደርጉ ኦፓኒን ቤምፓ «ዶክተር፣ በየት በኩል ነው የሚስበው?» ብለው ጠየቁ። ሐኪሙም ስቀው ቱቦውን በእሳቸው ጆሮ ላይ አደረጉላቸው። የገዛ ልባቸውን ዓይናቸውን ጨፍነው ረጅም ጊዜ አዳመጡ። «ከኋላ በኩል ነው፣ እጅ በማይደርስበት» አሉና አመስግነው ቱቦውን መለሱ። በፊታቸው ላይ ፍርሃት አልነበረም፤ በልጅነታቸው ሞተር ይተነፍሳል ሲባሉ የተደነቁት ዓይነት መደነቅ ነበር።

በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ሐሙስ ዕለት፣ እ.ኤ.አ. ማርች 14 ቀን 2019፣ በተወለዱ በሰባ ስድስት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። ባለቤታቸው ወይዘሮ አፍሪዬ፣ አምስት ልጆቻቸው፣ የልጅ ልጆቻቸውና በማጋዚን ያስተማሯቸው መካኒኮች አሉ። ይህን የሕይወት ታሪክ የጻፈችው ሦስተኛዋ ልጃቸው ዱፊዬ ናት፤ ስሟን በኩራት ትፈርማለች።

አስከሬናቸው ወደ ትውልድ መንደራቸው የሚሄደው የኦፓኒን ንቲም ልጆች እስከ ዛሬ በሚያሽከረክሯት በዚያችው «እህት አለኝ» በተጻፈባት መኪና ነው። ዳገቱን ወጥተን ክሮፎፍሮም ስንደርስ ቀብር ሸኚው ሁሉ ይቆማል። ሾፌሮች ሆይ፣ ሞተሩን እንደ ልማዳችሁ አታጥፉ። ሁላችንም ለአንድ አፍታ ዝም ብለን እንሰማለን።

እስትንፋስን ለአዳምም ለልጆቹም የሰጠ አምላክ የአባታችንን ነፍስ በደጁ ይቀበልልን። በኤኖ ዱፊዬ ደጅ ግን ሞተሩ አይጥፋ።