የአባዬ ሰዓት ሐይቅ ገባ

ሰኞ፣ ጥቅምት 4

ዛሬም ለምጽፍለት መጽሔት አንድ መስመር ሳልጽፍ ሰይድ ሱቅ ተጎልቼ ዋልኩ። ወንድሜን ታውቂዋለሽ፣ ደብተሬ። የሐይቅ ከተማ ሰዓት ሠሪ። ፊቱ የአባዬ ሰዓት ተበትኗል፤ አሰብ ወደብ ላይ ሲሠራ የገዛው የጠላቂዎች ሰዓት። አላህ ይዘንለትና ሐይቃችንን ሲዋኝ እንኳ አያወልቀውም ነበር። ከሞተ ወዲህ እማ ሳጥን ውስጥ ቆልፋበታለች። ሰይድ ውሃ እንዳያስገባ አድርጌ እዋኝበታለሁ ብሎ፣ ለምኖ ለምኖ አስወጣው። ውሏም ይኸው፦ ጠብታ ከገባ ሰዓቱ ወደ ሳጥኑ፣ የሰይድ እጅም ዳግም አይነካው።

አሁን ጉዱን ስሚ። ከጎኑ የምትጠመዘዘውን መሙያ ሲፈታ ውስጧ ያለችው የላስቲክ ቀለበት አብጣለች። ሽታዋ የቅቤ!

ረቡዕ፣ ጥቅምት 6

እማን ጠየቅናት። አታፍርም እኮ። ለካ በየዒዱ ዋዜማ መሙያዋን እየፈታች ቅቤ ትቀባት ኖሯል፣ እንዳትደርቅ። ጠፍር በቅቤ ይለሰልስ የለ፣ ላስቲክን ምን ልዩ አደረገው ትላለች። ቅቤ ላስቲክን ያሳብጣል እኮ! ሰይድ እንባው እስኪፈስ ሳቀ።

«እማ፣ ሰዓት እኮ ሙሽራ አይደለም።»

ሞተሩን አውጥቶ ባዶውን ቀፎ ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ነከረው። ከመሙያዋ በኩል አረፋ ቡልቅ፣ ቡልቅ። አየር የሚወጣበት ውሃም ያስገባል። እማ አረፋውን አየችና ነጠላዋን ሰብስባ ወጣች። ሆዴ ባባ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 9

ከደሴ አዲስ ቀለበት መጣ። ሰይድ የመሙያዋንም የጀርባ ክዳኑንም ቀየረ። በቅቤ ፋንታ የላስቲክ ቅባት፣ ያውም የመርፌ ጫፍ የምታህል። ቀፎውን ነከረው። አረፋ የለም። ደግሞ ነከረው። የለም። ሰፈሩ ግን ወሬውን ይዞታል፤ ጎረቤታችን የሟች ንብረት ውሃ ውስጥ አይጣልም ብላ እማን ስታስፈራራት አረፈደች። እኔ ወንድሜን አምናለሁ። እንቅልፍ ግን የለኝም።

እሑድ፣ ጥቅምት 10፣ ከዋና በኋላ

ሐይቁ ዳር ሆኜ ነው የምጽፈው። ሰይድ ሞተሩን መልሶ ገጥሞ፣ ሰዓቱን አስሮ ገባ። ራቀ። ጭንቅላቱ ብቻ ቀረች፣ እንደ ዳክዬ። እማ ሙስበሃዋን ትቆጥራለች፣ እኔን አታይም።

ወጣ። ሰዓቱን ፀሐይ የመታው ድንጋይ ላይ አሙቆ፣ መስታወቱ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ጠብ አደረገ። ውስጡ እርጥበት ካለ መስታወቱ ከውስጥ ጉም ይለብሳል። ሦስታችንም አጎነበስን።

ጥርት! ቁጥሩ ሁሉ ይነበባል።

ማሻአላህ የኔ ወንድም። ልጮህ ነበር፣ እማን ፈራሁ። እሷ አልሳቀችም። ሰዓቱን ተቀበለችና በራሷ እጅ አሰረችው። የዐስር ሶላት ደርሷል፤ ዳሩ ላይ ቁጢጥ ብላ ውዱእ አደረገች፣ ሰዓቱን ገፋ አድርጋ ከሥሩም ውሃ እያደረሰች። ልክ እንደ አባዬ። ከዚያ ፈታችና እንደራሰ የሰይድ እጅ ላይ አጠለቀችው።

«ሳጥኑን ለነጠላዬ እፈልገዋለሁ» አለችው።