በዒዳዬ ወራት የጠፉት አምፖሎች

ሙሜዬ፣ የኔ ሰው፣

ሙቀቱ ሲገባ ከተለየኸኝ አምስት ዓመት ይሞላል። ዱዓ ሳላደርግልህ ያደርኩበት ቀን የለም፤ ደብዳቤ ስጽፍልህ ግን ይህ የመጀመሪያዬ ነው። በሕይወት ሳለህ ምን ሊያደርግልኝ እጽፋለሁ? የምፈልገውን ሁሉ ከጓዳ ሆኜ በግድግዳው እየጮህኩ ነበር የምነግርህ። አንተም የምትሰማኝ የምትጫወትባት ብይ ካመለጠችህ ብቻ ነበር። ዛሬ የምነግርህ ነገር አለኝ። ታውቀኛለህ፣ ቶሎ ወደ ፍሬ ነገሩ መግባት አልችልበትም፤ ስለዚህ መጀመሪያ የቤቱን ወሬ ስማ።

ቤታችን እንዳለ ነው፤ የበረንዳው ጣውላ ብቻ በጨው ተበልቶ ሁለት ቦታ ረግፏል። ከሰፈራችን ከካርቲየ 1 ጎረቤቶች ግማሾቹ ወደ ከተማው ዳር፣ ወደ ባልባላ ወጥተዋል። አዲስ የባቡር ሐዲድ ተዘርግቷል፤ በኤሌክትሪክ የሚሄድ ነው፤ ጭነቱን ሁሉ እሱ ሊያመላልሰው ነው ይላሉ። አንተ ብትኖር ቦቢናው፣ የሽቦ ጥቅሉ የት ነው እያልክ ሥሩ ትገባ ነበር። ከባድ መኪኖቹም አሁን ከከተማ ውጭ፣ ፒኬ ዱዝ ላይ ነው የሚቆሙት። ድሮ ሹፌሮቹ ወደብ ላይ ተራ እስኪደርሳቸው ሦስት አራት ቀን ሲጉላሉ አንተ ዘንድ ይመጡ ነበር። አሁን ጋቢና ውስጥ ጋደም ብለው ስልካቸውን ይነካካሉ።

የአንተን ቤት ለማያውቅ ሰው ሳወራ አያምነኝም። ሄሮን ሰፈር ያለ አንድ የፈረንሳዮች መጠጥ ቤት ሲዘጋ፣ የመጠጥ ቤት ደጃፍ ረግጠህ የማታውቀው አንተ የሐረር ልጅ ሰባት ፍሊፐር በጋሪ አስጭነህ ከች አልክ። ሰባት! መስታወት ሥር የብረት ብይ የምትሯሯጥበት፣ ደወል የሚጮህበት፣ አምፖል የሚበራበት፣ እንደ ሬሳ ሣጥን የሚከብድ መጫወቻ። ሳሎናችንን ለሁለት ከፍለህ፣ ወደ መንገዱ በር አውጥተህ ደረደርካቸው። እናቴ ከድሬዳዋ ልትጠይቀን መጥታ መስታወቱ ላይ የተሳሉትን ራቁታቸውን የቀሩ ሴቶች ስታይ፣ አስተግፊሩላህ ብላ ፊቷን አዞረች። በማግስቱ የዘይት ቀለም ገዝተህ ለሁሉም ሻሽና እጅጌ ያለው ቀሚስ ሳልክላቸው። የአንደኛዋ ሻሽ በዝቶ ነጥቡ የሚታይበትን ቦታ ሸፈነው፤ ሹፌሮቹ እዚያኛው ላይ ሲጫወቱ ነጥባቸውን በግምት ነበር የሚከራከሩት።

እነዚያን አሮጌዎች በሕይወት ማቆየት ምን ያህል መከራ እንደነበረ የማውቀው እኔ ነኝ። መለዋወጫ የሚባል ነገር በዚህ ከተማ የለም። ላስቲኩን ከመኪና ጎማ ካለመዳሪ እየቆረጥክ፣ የተቃጠለውን ቦቢና ፈትተህ በእጅህ እየጠቀለልክ፣ መብራቱን የሚያገናኘውን ብረት፣ ኮንታክቱን፣ በእኔ የጥፍር ሞረድ እየፈተግክ አቆየሃቸው። ሞረዴን ስፈልግ ኪስህን ነበር የምፈትሸው። የታመመውን ፍሊፐር ከድምፁ ትለየው ነበር፤ እኔ ስታመም ግን መናገር ነበረብኝ።

ዘግተህ ስትገባ እንኳ አታጠፋቸውም ነበር። አንድ ቀን ምሳ እየበላን ለምን እንደሆነ ጠየቅኩህ። የዚህ አገር አየር ጨው ነው፣ ሣጥኑ ከቀዘቀዘ እርጥበቱ ይገባና ኮንታክቱን ይበላዋል፣ የሚያደርቃቸው የአምፖሉ ሙቀት ነው፣ አንድ ወር ከጠፉ አለቀላቸው አልከኝ። እስቲ እኔንም እንደነሱ አሙቀኝ አልኩህ። ሳቅክ። እኔ ግን ግማሹን ነበር የቀለድኩት።

ከዚያ ያ ቀን መጣ። አንዱ ፍሊፐር ላይ እንደተደፋህ ነው ያገኙህ። ከዐስር ሶላት በኋላ ቀበሩህ፤ ቤቱ በሴት ሞላ፤ ቁርዓን እየተቀራ ሳለ ከግድግዳው ማዶ ሁለቱ ፍሊፐሮች ዘፈናቸውን ጀመሩ። ተጫዋች ሲያጡ ሰው ለመጥራት ራሳቸው የሚዘፍኑት፣ ታስታውሳቸዋለህ። ሴቶቹ እርስ በርስ ተያዩ። ልጃችንን ሀያትን ጠርቼ፣ ሂጂና ከቆጣሪው አጥፊው አልኳት። ሃያ ዓመቷ ነበር። ለምን ሳትል ሄዳ አጠፋችው።

ዒዳ ተቀመጥኩ። አራት ወር ከአስር ቀን ከቤት አልወጣሁም፤ ወንድ የሚገባበትን ያንን በር ማንም እንዲከፍተው አልፈቀድኩም። ያውም በሙቀቱ ወራት። መጀመሪያ ከምሲኑ፣ ያ ትኩስ ነፋስ፣ በበሩ ሥር አቧራውን ነፋው፤ ቀጥሎ ግድግዳውን የሚያስለቅሰው እርጥበት መጣ። ሀያት አንድ ሁለቴ፣ እማ አብርቼ ልያቸው እንዴ ብላኛለች። የአባትሽ ሐዘን ይውጣ አልኳት።

ዒዳዬን ስጨርስ ከአዲስ አበባ የሚመላለሰው ሹፌር ወዳጅህ ጋሽ ታደሰ ለቅሶ ሊደርስ መጣ። በሩን አስከፍቶ አበራቸው፤ አንዱም አልተነሳም። የመጀመሪያውን ሣጥን ፈትቶ ሲያየው ውስጡ አረንጓዴ ሆኗል። ጭንቅላቱን ይዞ፣ እነዚህ እኮ ጠፍተው ከርመው ነው እንዲህ የሆኑት፣ ማነው ያጠፋቸው አለ። ሀያት ፊቷ አመድ መሰለ። እኔ ቀደም ብዬ፣ መብራት እየሄደ ነው እንጂ ማን ያጠፋቸዋል አልኩት። በሙቀቱ ወራት መብራት እንደሚሄድ ያውቃልና አመነኝ። ሲሄድ ሀያት እጄን ይዛ ሳመችው። እሷን ልሸፍን የዋሸሁ መስሏታል። እኔም እንደዚያው ይምሰላት ብዬ ዝም አልኩ።

በዚያች ዝምታ ልጅህን ወደ አምስት ዓመት አሰርኳት። ትምህርቷን ትታ ፍሊፐሮቹ ሥር ገባች። ጋሽ ታደሰ በመጣ ቁጥር እያገዛት ከሰባቱ ሦስት የሚሠሩ አወጡ፤ የአንዱን አካል ለሌላው እየሰጡ። ከዓመት በኋላ ሁለት ሆኑ። መብራት ሄዶ ሲመለስ በኃይል እየመጣ የአንዱን ቦቢና አቃጠለው፤ አንድ ቀረ። ተጫዋቹም እንዲሁ ሳሳ፤ አንዳንድ ቀን የሚመጣው ጥላ ፈላጊ ብቻ ነበር። ጣቶቿ እንደ አንተ ጣቶች ጠቆሩ። ከድሬዳዋ የጨርቅ ነጋዴ ልጅ ጋር ኒካሕ ካሰረች ሁለት ዓመት አልፏታል፤ ሰርጉ ይሁን በተባለ ቁጥር የአባዬን ቤት ዘግቼ የትም አልሄድም ትላለች። ሰፈሩ ልጅ ማለት እንዲህ ነው ብሎ መረቃት። ፍቅር ብቻ ቢሆን እኔም በመረቅኳት። ዕዳ እየከፈለች መሆኗን የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ፤ እንዳትሄድብኝም ፈርቼ ነበር።

ባለፈው ወር የመጨረሻውም ቆመ። ሁለት ሳምንት ታገለችው፤ የሚወሰድለት አካል ያለው ሌላ ሣጥን አልነበረም። ከሰዓት በኋላ ሻይ ይዤላት ስገባ ወለሉ ላይ ተቀምጣ ታለቅሳለች። እኔ ነኝ የገደልኳቸው እማ፣ አባዬን ምን ብዬ ይቅርታ እጠይቀዋለሁ አለችኝ። ያኔ አልቻልኩም። አንቺ አይደለሽም፣ መጥፋት እንደሌለባቸው አባትሽ ነግሮኝ ነበር፣ በዚያን ዕለት ግን ሐዘኑ አናቴ ላይ ወጥቶ ረሳሁት፣ ያዘዝኩሽም እኔ፣ የዋሸሁትም ለራሴ ነው አልኳት። ካቻቪቴውን አስቀምጣ ብዙ አየችኝ። ከዚያ አቅፋኝ፣ ታዲያ ረስተሽ ነዋ፣ በእንደዚያ ያለ ቀን ማን ምን ያስታውሳል አለችኝ። አፉ አለችኝ ሙሜ፣ ይቅር አለችኝ፤ አንዲት ክፉ ቃል ሳትናገረኝ።

ሰርጉን ድሬዳዋ ደገስነው። ከሰርጉ መልስ እኔ ብቻዬን በአውቶቡስ ተመለስኩ። ስልክ ስትደውል ድምጿ ቀሏል፤ እንቅልፍ እንደሚወስዳት ነገረችኝ። ሰባቱን ሣጥኖች የቆራሌ ሰዎች ወሰዷቸው። ሲያወጧቸው ቆሜ አየሁ፤ ሻሽ የለበሱት ሴቶችህ በጋሪ ተጭነው ሲሄዱ የሰፈሩ ሰው እየሳቀ ሸኛቸው፤ እኔ ወደ ውስጥ ገባሁ። ክፍሉን ጠርጌ ባዶ ትቼዋለሁ። ለዓመታት ስመኘው የኖርኩት ጸጥታ ይኸው መጣ፤ ምን እንደማደርገው ግን አላውቅም።

ለልጅህ ያልኳትን ለአንተ ልደግመው አልቻልኩም፤ ብዕር ያነሳሁትም ለዚህ ነው። በዚያን ዕለት ከግድግዳው ማዶ ሲዘፍኑ ስሰማ፣ የመጨረሻ ትንፋሽህን የሰሙት እነሱ እንጂ እኔ አለመሆኔ ታየኝ። አሥራ አራት ዓመት ወስደውህ፣ ሞትህንም ወሰዱብኝ። እንግዲህ እነሱም ይከተሉህ አልኩ። ዒዳውም፣ ይሉኝታውም ምክንያት ሆነልኝ። የተቀጣችው ግን ሀያት ናት። አፉ በለኝ፤ ካልሆነልህም ስመጣ ፊት ለፊት ትነግረኛለህ።

ዓርብ ዓርብ መቃብርህ ዘንድ መምጣቴን አልተውም። ስምህን ሳላነሳ አልውልም፤ አላድርም። እስክንገናኝ አልረሳህም። ስለ አምፖሎቹ የነገርከኝንም አልረሳውም፤ ሀያትን አጥፊው ስላት ጊዜም አልረሳሁትም ነበር።