ሁሉ ነገር በ«መ»

ሰኞ፣ ግንቦት 4
ፊደልን በሦስት ቀን ጨረስኩ። እሺ... በሦስት ወር። ብቻ የማታ ትምህርቴን ጨርሼ ይኸው በገዛ እጄ እጽፋለሁ። ከእንግዲህ ማን ይችለኛል?

የልጄ መምህርት ጠራችኝ። «ልጅዎ ፊደሉን እንደ ዘፈን ታንበለብለዋለች። ቃሉ በምን ድምፅ እንደሚጀምር ስጠይቃት ግን አትለየውም። ዓርብ እፈትናታለሁ። ካልለየች አንደኛ ክፍል አትገባም።»
«ለእኔ ይተዉት» አልኩ፣ ደረቴን ነፍቼ። ምን ላደርግ ነው?

ማክሰኞ፣ ግንቦት 5
አገኘሁት! አናጢ አይደለሁ? ሥራ ቤቴ ይዣት ገባሁ። መዶሻ አነሳሁ። «መ... መ... መዶሻ። በምን ጀመረ?» «መ!» መጋዝስ? «መ!» መሮ? «መ!» መላጊያ ላይማ አፌን ሳልከፍት ቀደመችኝ። የአባቷ ልጅ! ለሚስቴ ፎከርኩ። «ዓርብ ይምጣና እናያለን» አለች።

ዓርብ፣ ግንቦት 8
ጉድ ሆንኩ።
«ላም በምን ይጀምራል?» ብላ ጠየቀቻት መምህርቷ። «መ!» «ዳቦስ?» «መ!» ፈገግ ብላ፣ እኔን እያየች። ለካ መሣሪያዬ ሁሉ በ«መ» ነው የሚጀምረው! ልጄ የተማረችው ድምፅ መለየት ሳይሆን አባቷን ማስደሰት ነው።
«አንድ ሳምንት ይስጡኝ» ብዬ ለመንኩ። እኔ! ለመንኩ።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 9
ሚስቴ በሳቅ ሞተች። «አንተ ሰውዬ፣ ዓለም ሁሉ አናጢ ቤት መሰለህ? ወደ ወጥ ቤት ና!»
ሹካ፣ ኩባያ፣ ሳሙና፣ ገመድ... ከረጢት ውስጥ ከተትን። እጄን አስገብቼ አንዱን እይዝና የመጀመሪያውን ድምፅ ብቻ እላለሁ። «ሹ...?» ግንባሯን ቋጠረች። «ሹካ!» ጎረቤት እስኪሰማ።

ረቡዕ፣ ግንቦት 13
አሁን ጠያቂዋ እሷ ሆናለች። «አባዬ፣ ገ...?»
«ገበሬ!»
«ኧረ አባዬ! ከረጢት ውስጥ ገበሬ ይገባል?»

ዓርብ፣ ግንቦት 15
«ዝንጀሮ?» «ዝ!» «ጠረጴዛ?» «ጠ!» ከዚያ መምህርቷ «መስኮት?» አለች። ልጄ ዞር ብላ ፊቴን ፈለገች። ጣሪያ ጣሪያውን አየሁ። እሷ ከንፈሯን ገጠመች፣ ለራሷ ደጋግማ ሞከረችው። «መ ነው» አለች። «የእውነት መ ነው።»
አለፈች! አንደኛ ክፍል ትገባለች!
መምህርቷ ብድግ ብላ ጨበጠችኝና «እርስዎ መምህር መሆን ነበረብዎት» አለች።
...
እዚህ ደብተር ላይስ ማን ያየኛል? እንዲህ አላለችም። ያለችው «አሁን ማንበብ ትጀምራለች፤ እርስዎም አብረዋት ያንብቡ፣ ይጠቅምዎታል» ነው።